በየቀኑ እያጠጣነው ሳሩ ለምን ይደርቃል?

ታህሳስ ላይ ነው። ቀበና ባለው የቤተሰቦቼ ግቢ ሳር የማጠጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። ማታ ከሥራ እንደገባሁ ጎማውን እዘረጋና ሃያ ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ እረጫለሁ። ሳሩ ያብረቀርቃል። አፈሩ ይጠቁራል። ያ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። እጄን ታጥቤ እገባለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳሩ ከኮብልስቶኑ ዳር ጀምሮ ይገረጣ ጀመር። ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሳር ውሃ አይስማማውም እንዴ?» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን ከነከነኝ።

የዚያኑ ዕለት ማታ አጠጥቼ ስጨርስ ካቻቢቴ አመጣሁና አፈሩ ላይ ተጫንኩት። የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል ገባና ቀጥ አለ። በጣቴ ፈልፈል አደረግኩት። ላዩ ጭቃ ነው። ከጭቃው ስር ያለው ግን እንደ ሽሮ ዱቄት የሚቦን ደረቅ አፈር ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ውሃ ሳፈስ፣ ሥሩ ያለበት ቦታ ምንም አልደረሰውም።

ይሄ ነገር የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይመስለኝም። ኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ያለው የመንገድ ዳር ሳር ለብሷል። በየግቢውም ሲሚንቶውን አንስቶ ሳር የሚተክለው ሰው በዝቷል። አተካከሉን የሚያሳይ አይጠፋም። አጠጣጡን ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሚመስል ማንም አይጠይቅም።

ውሃው ሥሩ ጋ ለምን አልደረሰም?

ሳር ውሃ የሚጠጣው በሥሩ ነው። ቅጠሉ ላይ የምንረጨው ውሃ ያጥበዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፤ ጥሙን ግን አይቆርጥለትም።

አፈሩን እንደ እንስራ አስቡት። ውሃው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሥሩ ደግሞ ከእንስራው የሚቀዳበት ጣሳ ነው። ጣሳው አጭር ከሆነ እንስራው ግማሽ ድረስ ቢሞላም አይደርስበትም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ውሃ ወደ አፈር ሲገባ ከላይ ያለውን ንብርብር በደንብ ሳያርስ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ግማሽ ውሃ ሲሰጡት አፈሩ በሙሉ በግማሽ አይርስም። የላይኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ይርስና የታችኛው እንደ ደረቀ ይቀራል። ትንሽ ውሃ ማለት ቀጭን እርጥብ ሽፋን ማለት ነው።

ያ ቀጭን ሽፋን ደግሞ ፀሐይና ንፋስ የሚያገኙት የመጀመሪያው ነገር ነው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከውስጡ ብዙው ተንኗል። ማታ መልሰን እናረጥበዋለን። ፀሐይዋ መልሳ ትወስደዋለች። እኔ ለሁለት ሳምንት ያጠጣሁት ፀሐይን ነው ማለት ይቻላል።

ሥሩም ከዚህ ይማራል። ሥር የሚያድገው እርጥበትና አየር ባለበት ነው፤ ደረቅ አፈር ሰንጥቆ ውሃ ፍለጋ አይወርድም። እርጥበቱ ሁልጊዜ ላይ ላዩን ከሆነ ሥሩም ላይ ላዩን ተኝቶ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ብስኩት እየቀማመሰ ምሳ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» የሚል ልጅ ታውቁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ውሃ ሲጠፋ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ይሆናል።

መፍትሔው በአትክልተኞች አፍ «አራርቆ፣ ግን አጥልቆ» የሚባለው ነው። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ውሃው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ ድረስ። ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው።

በሳምንት ስንት ሊትር ይበቃዋል?

እዚህ ላይ አንዲት ቀላል ሒሳብ አለች። የዝናብ መጠን ሲነገር «20 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል ሰምታችኋል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። አለቀ። 20 ሚሊ ሜትር በካሬ 20 ሊትር ነው፤ አንድ ጀሪካን።

ሳር ውሃ የሚያጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከአፈሩ ላይ በቀጥታ የሚተነው ነው። ሌላው ከራሱ ከሳሩ የሚወጣው ነው። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። አየር ለማስገባት ሲከፈቱ ውሃ በተን መልክ ይወጣባቸዋል። ላብ እንደማለት ነው። ሥሩ ከሚስበው ውሃ አብዛኛው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ብርድ አገር ስለሆነች ሳሯ ብዙ የማይጠማው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ አየሩም ደረቅ ነው። ጥላ ስር በጃኬት ቆመን ፀሐይ ላይ ያለው ሳር ያልበዋል። በደረቁ ወራት የግቢ ሳር በቀን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠቀማል ብሎ ማስላት ይቻላል። በሳምንት ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የካቲትና መጋቢት ሞቅ ሲል ትንሽ ይጨምራል። ጥላ ያለበት ቦታ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል።

አሁን የእኛን ግቢ እንመልከት። ሳሩ 40 ካሬ ነው። 40 ሲባዛ በ20፣ በሳምንት 800 ሊትር። አርባ ጀሪካን።

የጎማችንን ጉልበት ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞላሁበትና በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። አራት ደቂቃ ፈጀ። በደቂቃ 5 ሊትር ነው። ማታ ማታ የማጠጣው ሃያ ደቂቃ እንግዲህ 100 ሊትር ነበር። ለ40 ካሬ ሲካፈል 2.5 ሚሊ ሜትር! ጥፍር ያህል ቢያርስ ምን ይገርማል?

ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። በሳምንት 700 ሊትር አፍስሻለሁ። ከሚያስፈልገው 800 ብዙም አያንስም። ውሃው አላነሰም ነበር። በሰባት ቀን ቆራርጬ ስለሰጠሁት ነው የባከነው።

ስፕሪንክለር ያላችሁ በጀሪካን መለካት አትችሉም። አምስት ስድስት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሳሩ ላይ እዚህም እዚያም አስቀምጡ። ለ15 ደቂቃ ክፈቱት። ከዚያ በልጅ ማስመሪያ ጣሳው ውስጥ ያለውን ውሃ ለኩ። 5 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ 20 ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው። በጣሳዎቹ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን በጣም ከተለያየ ደግሞ አንዱ ጥግ ሲጠግብ ሌላው እየተራበ ነው፤ ስፕሪንክለሩን አዛውሩት።

አፈሩ ውሃውን አልቀበል ካለስ?

የመጀመሪያውን እሁድ የሳምንቱን ግማሽ፣ 400 ሊትሩን አንዴ ልጨርስ ብዬ ጎማውን ከፈትኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው በኮብልስቶኑ ላይ ወርዶ ወደ በሩ መፍሰስ ጀመረ። እማማ አሁንም ብቅ አሉ። ዝርዝሩን ልተወው።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። በአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጡ ቀይ አፈር ይበዛል። ወደ ቦሌና አቃቂ ሲወርዱ ጥቁሩ መረሬ ነው። ሁለቱም ሸክላ የሚበዛባቸው ናቸው። የሸክላ አፈር ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃ በመካከላቸው የሚያልፈው በዝግታ ነው። ከገባ በኋላ ግን አጥብቆ ይይዘዋል። አሸዋማ አፈር ተቃራኒው ነው። እንደ ወንፊት ቶሎ ያሳልፋል፣ ቶሎም ይደርቃል።

የድርቆሽ ፍርፍር የሠራ ሰው የሸክላን ጠባይ ያውቃል። መረቁን አንዴ ብትገለብጡበት ድርቆሹ ሳይርስ ውሃው ድስቱ ስር ይጠራቀማል። ጥቂት ጠብ እያደረጉ፣ እየጠበቁ፣ እንደገና ሲጨምሩ ግን ይመጠዋል። አፈሩም እንደዚያው ነው። አሥር ደቂቃ ማጠጣት፣ ግማሽ ሰዓት መተው፣ እንደገና አሥር ደቂቃ።

እኔ አሁን ይህን ከእሁድ ቡና ጋር አስተባብሬዋለሁ። ጎማውን አለስልሼ ከፍቼ መሬት ላይ አስተኛዋለሁ። አቦል ሲቀዳ አንድ ጥግ ነው፣ ቶና ሲደርስ ወደ ሌላው ጥግ አዛውረዋለሁ፣ በረካ ላይ ሦስተኛው ጥግ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። እጄ ላይ ጎማ ይዤ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ አልታገስም ነበር።

አፈራችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት አፈር አርጥቡና በመዳፋችሁ ድቡልቡል አድርጉት። ከዚያ እንደ ዳቦ ሊጥ አሽታችሁ ወደ ገመድ ለውጡት። ሳይሰበር ቀለበት ከሠራ ሸክላ ነው። ገና ሲድበለበል ከፈረሰ አሸዋ ይበዛዋል። ለሸክላ በሳምንት ሁለቴ 10 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ ወደ አንድ ጊዜ 20 ማምጣት ይቻላል። አሸዋማው ግን አጠራቅሞ መያዝ ስለማይችል በትንሽ በትንሹ በየሁለት ቀኑ ይፈልጋል። «አራርቆ» የሚለው ምክር ለእሱ በግማሽ ነው የሚሠራው።

መረሬ ላይ ያላችሁ ደግሞ አፈሩ እስኪሰነጣጠቅ አትጠብቁ። አንዴ ከተሰነጠቀ ውሃው በስንጥቁ ቁልቁል ይወርድና ሥሩን ሳይነካ ያልፋል።

መሃል ከተማ ላይ አንድ ሌላ ጣጣ አለ። ገረጋንቲ። አዲስ የተሠራ ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳሩ የተተከለው በእጅ ስፋት ልክ በተበተነ አፈር ላይ ነው። ከዚያ ስር የተደመደመ ገረጋንቲና የግንባታ ፍርስራሽ አለ። ካቻቢቴው ሁሌም በአንድ ጥልቀት ላይ ድንጋይ እየመታ ከቆመባችሁ ነገሩ እሱ ነው። ሥር የሚወርድበት ቦታ ስለሌለ የቱንም ያህል ቢያጠጡ ትርፉ ማባከን ነው። በአንዴ ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ይሻላል። በየዓመቱ የበሰበሰ ፍግና ጥሩ አፈር በስሱ እየበተኑ ማዳበርም ይረዳል። የምር መፍትሔው መቆፈር ነው። እሱን ግን ማንም አይወድም።

በስንት ሰዓት ይጠጣ?

ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት። ንፋሱ ገና አልተነሳም፣ ፀሐይዋም አልበረታችም፣ ውሃው ወደ አፈር ለመግባት ጊዜ ያገኛል። ቅጠሉም ቀን ላይ ይደርቃል።

እኩለ ቀን ላይ ማጠጣት ሳሩን ያቃጥለዋል የሚባለው እውነት አይደለም። ጠብታው እንደ መነጽር ሆኖ ፀሐይን ሰብስቦ ቅጠሉን ይጠብሳል ይላሉ። እንደ ሳር ባለ ለስላሳ ቅጠል ላይ ግን ጠብታው ቅጠሉ ላይ ልጥፍ ስለሚል ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ነጥብ ቅጠሉ ላይ አያርፍም። የእኩለ ቀን ጥፋቱ ሌላ ነው። ውሃው ገና አየር ላይ እያለና አፈሩ ላይ እንዳረፈ ይተንናል፣ ንፋስም ወደ ጎረቤት ይወስደዋል። ሳሩ ጠውልጎ ካያችሁት ግን ቀትርም ቢሆን ከመተው ማጠጣት ይሻላል።

ማታስ? ትነቱ አነስተኛ ነው። ችግሩ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ ረጥቦ ማደሩ ነው። ሻጋታና የፈንገስ በሽታ የሚወዱት ይሄንን ነው። በደረቁ ወራት አደጋው ያን ያህል አይደለም። ሰማዩ ሲዳምንና እርጥበት ሲኖር ግን ማታውን ተዉት።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነስ?

«ጠዋት አጠጣ» ማለት ቀላል ነው። ውሃው ግን በእኛ ምርጫ አይመጣም። በብዙ ሰፈር የሚመጣው በተወሰኑ ቀናት ነው፤ ያውም ሌሊት። ስለዚህ ሌሊት ሮቶ ይሞላል፣ ጠዋት ከሮቶ ይጠጣል።

እዚህ ጋ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንበት አንድ ነገር አለ። እኔም አንድ የሚሽከረከር ስፕሪንክለር ገዝቼ ከሮቶው ጋር አገናኘሁት። እንኳን ሊሽከረከር፣ እንደ ሽማግሌ አፍንጫ ጠብ ጠብ አለ። ሻጩን ልሰድበው ደርሼ ነበር። ጥፋቱ ግን የከፍታ ነው። ውሃ ከላይ ሲወርድ ግፊት የሚያገኘው ከከፍታው ነው፤ በየ10 ሜትሩ ወደ አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል። የእኛ ሮቶ ብረቱ ላይ ሆኖ 3 ሜትር ነው፤ ግፊቱ የአንድ ባር ሲሶ እንኳን በቅጡ አይሞላም። እንዲህ ያለ ስፕሪንክለር በአግባቡ ለመዞር ብዙውን ጊዜ ሁለት ባር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ ፓምፕ መግጠም ነው፣ ወይ እንደ እኔ ጎማውን መሬት ላይ ማስተኛት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጎማም በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል።

ስለ ቢሉ ደግሞ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። የከተማው የውሃ ታሪፍ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ፍጆታችሁ በጨመረ ቁጥር ላይኛው እርከን ላይ የሚገባው ውሃ በሜትር ኪዩብ ዋጋው ከፍ ይላል። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። የእኛ 40 ካሬ ሳር በወር ወደ 3.5 ሜትር ኪዩብ ይፈልጋል። በቀን ከ110 ሊትር በላይ ነው። ቆጣሪው ይህን እንደ አንድ ተጨማሪ የቤት ሰው ነው የሚያየው። ያ ሰው ደግሞ ሁለት ጀሪካን ይዘው ቦቴ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ነው ውሃ የሚጋራው። የአዲስ አበባ ውሃ የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ለሁሉም የሚበቃበት ቀን ገና አልመጣም።

ለዚህ ነው የበልግ ዝናብ ሲጥል አሸንዳውን ወደ ሮቶ ማዞር የሚያዋጣው። 60 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 600 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈሰውና የሚባክነው ሲቀነስም ብዙ ነው። በዚያው ዝናብ ሳሩም 10 ሚሊ ሜትር ስለጠጣ የዚያን ሳምንት ማጠጣት በግማሽ ይቀንሳል። ስንት እንደዘነበ ያችው የድልህ ጣሳ ትነግራችኋለች።

እጣቢስ?

ሩዝ፣ ምስርና አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል። የልብስ እጣቢ ግን አይመከርም። ኦሞ ውስጥ ያለው ጨው፣ በተለይ ሶዲየሙ፣ ሸክላ አፈርን ይደፍነዋል፤ ቀድሞውኑ በዝግታ የሚመጠው አፈር ጭራሽ ይዘጋል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ በመጠኑ ቢደፋ ያን ያህል አይጎዳም። በረኪና የገባበትን ግን በፍጹም። ቅባት ያለበት የዕቃ እጣቢም አፈሩ ላይ ሽፋን ይሠራል፣ ዝንብም ይጠራል።

መጠማቱን በምን አውቃለሁ?

ሂዱበት። ዞር ብላችሁ ኮቴያችሁን እዩት። ሳሩ ወዲያው ከተነሳ ውሃ አለው። ተጋድሞ ከቀረ ጠምቶታል፤ ቅጠሉን ወጥሮ የሚይዘው ውሃ ጎድሏል ማለት ነው። ቀለሙም ከአረንጓዴ ወደ አመድማ ይሄዳል፣ ቅጠሉም በርዝመቱ ይታጠፋል። የዚያን ጊዜ ነው ማጠጣት። ኮብልስቶንና ግንብ ሙቀት ስለሚይዙ ጥጎቹ ቀድመው ይጠማሉ፤ እነሱን ለብቻ በጆግ ማጠጣት ሙሉውን ግቢ ከማጠጣት ያድናል።

ቢጫ የሆነው ሁሉ ጠምቶት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ውሃ የሚባክነው።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ብርድ ለሳሩም ነው። በየግቢው የምናያቸው ሰርዶና ኪኩዩ የሚባሉት ሳሮች ሙቀት ወዳድ ናቸው። ኅዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ አልፎ አልፎም ውርጭ ሲጥል፣ እድገታቸው ይቀንሳል፤ ጫፋቸው ቢጫ ይላል። ካቻቢቴው በቀላሉ እየገባ ሳሩ ከገረጣ ብርዱ ነው። ውሃ መጨመር አይፈውሰውም።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ቢጫ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ይወርዳል። አፈሩ ሲጠግብ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረውን አየር ውሃው ያስወጣዋል። ሥርም ይተነፍሳልና አየር ሲያጣ ይታፈናል። እንዲህ ያለ ሳር ሥሩ ስለማይሠራ የተጠማ ይመስላል። ዘበኛችን አንድ ነሐሴ «ጠውልጓል» ብሎ በዝናብ መሃል ውሃ ሲያጠጣው ደርሼበታለሁ። የሚያስፈልገው ውሃው የሚወጣበት ቦይ ነበር።

ሦስተኛው ቢጫ የአጨዳ ነው። ማሽን ይዘው በየሰፈሩ የሚዞሩት ልጆች «ቶሎ እንዳያድግ» ብለው ልጭት ያደርጉታል። ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ቅጠል ግን የሳሩ ማዕድ ቤት ነው። ቅጠሉ ሲያጥር ለሥሩ የሚደርሰው ምግብ ያንሳል፣ ሥሩም ያጥራል። መሬቱም ጥላ አጥቶ ቶሎ ይደርቃል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ አጭደው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢተዉት ውሃ ይቆጥባል። ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ካጨዱ በኋላ መቀጠል የለም።

አዲስ የተተከለ ከሆነስ?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይገለበጣል። አዲስ ችግኝ ገና ሥር አልሰደደም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላዩ እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ መርጨት ነው። ጎተት ሲያደርጉት እምቢ ካለ ሥር ይዟል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ፣ ቀጥሎ በየአራት ቀኑ እያሉ ማራራቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የሕፃንነቱን አመጋገብ ዓመት ሙሉ ይቀጥልበታል። ውሃውን ማስላት የማትችሉ ከሆነ ደግሞ ተከላውን ለሰኔ መጀመሪያ አቆዩት። ዝናቡ ሥራውን ይሠራል።

በጋውን ጨርሶ ባላጠጣውስ?

ሰርዶ ከሆነ ይችላል። ላዩ ገለባ ይሆናል፤ ከመሬት ስርና መሬት ለመሬት የሚሄዱት ግንዶቹ ግን በሕይወት ይቆያሉ። የበልግ ዝናብ ሲያገኙ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚባለው ያለ ነገር አልመጣም፤ ገበሬም ከማሳው ነቅሎ ሊጨርሰው አይችልም። ኪኩዩም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ስለሆነ የዋዛ አይደለም፤ ነገር ግን ከሰርዶ ይልቅ ውሃ ይለምናል።

ለማሳረፍ ከወሰናችሁ ሁለት ነገር አስታውሱ። በተኛበት ጊዜ ብዙ አትርገጡት፣ አትጨዱትም። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ደግሞ ግንዱ እንዳይሞት ያህል 10 ሚሊ ሜትር ጣል አድርጉለት። በየሳምንቱ እያጠጡ መቀስቀስና መልሶ ማስተኛት ግን ይጎዳዋል፤ የቋጠረውን ስንቅ በከንቱ ይጨርሳል።

እኛ ዘንድሮ ግቢውን ለሁለት ከፍለነዋል። በረንዳው ፊት ያለው 15 ካሬ በሳምንት 300 ሊትር ይጠጣል። ከኋላ ያለው 25 ካሬ ተኝቷል። እማማ ባለፈው እሁድ በአጥሩ በኩል አዩትና፣ «የኋለኛው ሞተ አይደል?» አሉኝ። ካቻቢቴውን አቀበልኳቸው። ከገለባው ስር ፈልፈል አድርገው አንዲት ነጭ፣ ወፍራም ግንድ አወጡ። በጥፍራቸው ሲጫኗት ውሃ አወጣች።